ስለ ማርያም፣ ስለ ሼህ ሁሴን

በብራና የተጻፈ ተአምረ ማርያም ሲገለጥ ዐይን መጀመሪያ የሚያርፈው በቀዩ ላይ ነው። ጸሐፊው በጥቁር ቀለም እየጻፈ ይመጣና የእመቤታችን ስም ጋ ሲደርስ ብርዑን ይለውጣል፤ ስሟን በቀይ ይጽፍና ወደ ጥቁሩ ይመለሳል። አንዳንዱ ደግሞ ለስሟ የሚበቃ ቦታ ክፍት ትቶ ያልፍና ጥቁሩን ከጨረሰ በኋላ ቀዩን ይሞላል። መሙላቱን የረሳበት ገጽ ሲገኝ፣ አረፍተ ነገሩ ማን እንደ ሆነች ሳይናገር ወገቡ ላይ ተቆርጦ ይቀራል።

ይህ ምዕራፍ የሚከተለው ቀዩን አይደለም። ከቀዩ በፊት በጥቁር የምትመጣውን ቃል ነው፤ በግእዝ «በእንተ»፣ በአማርኛችን «ስለ»።

የሰዋስው መጽሐፍ «መስተዋድድ» ብሎ ያልፋታል። ብቻዋን ቆማ ትርጉም አትሰጥም፤ ስም ትፈልጋለች። ስም ካገኘች ደግሞ ሁለት ሥራ ትሠራለች። «ስለ ማርያም አስተማረን» ሲባል ማርያም የትምህርቱ ርዕስ ናት። «ስለ ማርያም አብላኝ» ሲባል ግን ማርያምን የሚመለከት ወሬ የለም፤ ማርያም የመስጠቱ ምክንያት ናት። ግእዙም ያው ነው። «በእንተ» በአንቀጽ አናት ላይ ስትቀመጥ ርዕስ ትሆናለች፤ ፍትሐ ነገሥት አንቀጾቹን የሚጀምረው በእሷ ነው። በጸሎት ውስጥ ስትገባ ምልጃ ትሆናለች። «በእንተ ምንት» ስትባል «ለምን» ብላ ትጠይቃለች፣ «በእንተዝ» ስትባል «ስለዚህ» ብላ ትመልሳለች። ርዕስም፣ ምክንያትም፣ ጥያቄም፣ መልስም ሆና በአንድ ቃል ታድራለች። ተአምረ ማርያም ሁለቱን ዋና ሥራዎቿን አንድ ላይ አጣምሮ ይጠቀምባቸዋል፤ ማጣመሩንም የሚጀምረው ገና በመጀመሪያው ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ታሪክ የደቅስዮስ ነው። ደቅስዮስ «ጥልጥልያ» የምትባል አገር ኤጲስ ቆጶስ ነበር። ጥልጥልያ ሲባል ሩቅና ምናባዊ አገር ይመስላል እንጂ የእስፓኟ ቶሌዶ ናት፤ ዐረቦቹ «ጡለይጢላ» ሲሏት ስሟ በእነሱ አፍ አልፎ ግእዝ ሆኖ ደረሰን። ደቅስዮስም በ7ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የቶሌዶው ኢልዴፎንሶስ ነው። ይህ ሰው የእመቤታችንን ተአምራት ሰብስቦ መጽሐፍ ይጽፋል። ከዚያ መጽሐፉን በእጇ ይዛ ተገልጣለት ታመሰግነዋለች፤ ኋላም ልብስና ወንበር ትሰጠዋለች፣ ከእሱ ሌላ ማንም እንዳይለብሰው፣ ማንም እንዳይቀመጥበት። ከእሱ በኋላ የተሾመው ግን ደፍሮ ለበሰ፣ ተቀመጠም፤ ወድቆ ሞተ። ደቅስዮስ ስለ ማርያም የጻፈው ስለ ማርያም ብሎ ነው። የመጀመሪያው «ስለ» የመጽሐፉ ርዕስ ነው፣ ሁለተኛው የድካሙ ምክንያት። ተተኪው ልብሱንም ወንበሩንም አገኘ፤ ያጣው ሁለተኛውን «ስለ» ነው።

መጽሐፉ ወደኛ የመጣበት መንገድ ረጅም ነው፤ እዚህ በአጭሩ እናልፈዋለን። መነሻው የምዕራብ አውሮፓ በተለይም የ12ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ የማርያም ተአምራት ስብስቦች ናቸው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ተሻገረና በዐረብኛ ተጻፈ፤ ከዐረብኛው ደግሞ በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መባቻ፣ ወደ ግእዝ ተመለሰ። ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በእሑድና በሠላሳ ሦስቱ የእመቤታችን በዓላት በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሥርዓት አደረጉለት። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1943 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ባሳተመው ትልቅ ጥናት ታሪኮቹን አንድ በአንድ ከላቲን ምንጮቻቸው ጋር አገናኝቷቸዋል። ከውጭ የመጡት ግን ጥቂቶቹ ናቸው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ እየተጨመረ እየተጨመረ ሄዶ በየብራናው የተበተኑት ታሪኮች ከ600 በላይ ደርሰዋል። ዛሬ በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በየቤተ መጻሕፍቱና በየገዳሙ ያሉትን ቅጂዎች እየዘረዘሩ ነው።

ከእነዚያ ሁሉ ታሪኮች መካከል ግን ቃላችን የምትነግሥበት አንድ ነው፤ የበላዔ ሰብእ።

ታሪኩን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም እናንሣው። ሀገረ ቅምር የሚባል ቦታ አንድ ሰው ነበር። በቃል የሚነገረው ትውፊት ስሙን ስምዖን ይለዋል፤ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበረ፤ ሰይጣን በእንግዳ መልክ መጥቶ የገዛ ልጁን እንዲያርድ ጠየቀው፣ አረደም፣ ከዚያ በኋላ ሰው የሚበላ አውሬ ሆነ። ቤተሰቡን፣ ጎረቤቱን፣ መንገደኛውን ሳይቀር በላ፤ ጠቅላላው 78 ሰው። ምግብ ፍለጋ ሲዞር መንገድ ላይ ቁስል የወረሰው፣ ውኃ የጠማው ነዳይ አገኘ። ቁስሉን አይቶ ለመብላት ተጸየፈው። ነዳዩም ውኃ እንዲያጠጣው ለመነው።

ልመናው ሦስት ጊዜ ነው፤ ቃላችንም ሦስት ጊዜ ትመጣለች። ስለ እግዚአብሔር ብለህ፤ አይሆንም። ስለ ጻድቃን፣ ስለ ሰማዕታት ብለህ፤ አይሆንም። ስለ እመቤታችን ስለ ማርያም ብለህ፤ እዚህ ላይ ሰውየው ይቆማል። ይህችስ ሰውን ከሲኦል ታወጣለች ሲባል ከልጅነቴ ሰምቻለሁ ይላል። ከያዘው ውኃ በነዳዩ እጅ ያፈስለታል፤ አንድ ጥርኝ ብቻ። ነዳዩ ጉሮሮውን እንኳ ሳያርስ ውኃው አለቀ። ሰውየው ሞቶ ለፍርድ ሲቀርብ በሚዛኑ አንድ ወገን 78 ነፍሳት፣ በሌላው ወገን ያ ጥርኝ ውኃ ተቀመጠ። ነፍሳቱ ደፉ። ከዚያ የእመቤታችን ጥላ በውኃው ላይ አረፈ፤ ውኃው ደፋ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚሥሉት ሠዓሊዎች ይህን ቅጽበት ይመርጣሉ፤ ሚዛኑን፣ ጥላዋን፣ ከታች ደግሞ ቅል የያዘውን ሰውዬ።

በዚህ ታሪክ ላይ ያልተጨቃጨቀ የለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለማርያምና ለመስቀል የሚሰገደውን ስግደት አንቀበልም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር የተጣሉት በዚሁ መንፈስ ነበር። በኋላ ዘመንም ተቃዋሚዎቹ ይህን ታሪክ እየጠቀሱ ጠይቀዋል፤ ሰባ ስምንት ሰው የበላ በጥርኝ ውኃ ይድናል ወይ? በእግዚአብሔር ስም ያልሰጠ በማን ስም ይሰጣል? ደጋፊዎቹም መልስ አላቸው፤ ንስሐ፣ ምሕረት፣ ኪዳን። የየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት በዓል ትምህርትም እዚሁ ላይ ያርፋል፤ በስሟ የተራበ ያበላ፣ የተጠማ ያጠጣ፣ ስሟን የጠራ፣ መጽሐፏን የጻፈ እንዲማርላት ልጇ የገባላት ቃል ኪዳን።

እኔ ከክርክሩ ወጥቼ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ታሪኩን ያዘጋጀው ሰው ቅደም ተከተሉን ሳያውቀው አልደረደረውም። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ መሰላል ነው፤ መጀመሪያ ፈጣሪ፣ ቀጥሎ ጻድቃንና ሰማዕታት፣ መጨረሻ እናት። የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎችን የሚያውቅ ሁሉ ይህን መሰላል ያውቀዋል። ቂመኛ ሰው «ስለ እግዚአብሔር ብለህ ተው» ሲባል ይከራከራል፤ ሕግና ፍርድ ይጠቅሳል፤ እሱም እግዜር ያያል ይላል። «ስለ እናትህ ብለህ» ሲባል ግን ያቀረቅራል። ትልቁ ስም ብዙ ጊዜ ሩቅ ነው፤ የቀረበው ስም ነው የሚነካው። በላዔ ሰብእም በልቡ ውስጥ የቀረችው አንዲት የቀረበች ስም ብቻ ነበረች፤ ከልጅነቱ የሰማት። ነዳዩ ያቺን ስም እስኪያገኝ ድረስ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞከረ። ውኃውን ያፈሰሰው ርኅራኄ አይደለም፤ ርኅራኄ ቢሆን ከመጀመሪያው ልመና ላይ ይሰጥ ነበር። ያፈሰሰው «ስለ» ነው።

የ«ስለ»ም ሥራ ይኼው ነው። ለማኝና ሰጪ ሁለት ነበሩ፤ እሷ ሦስተኛ ሰው ታመጣለች። ነዳዩ «ለእኔ ስጠኝ» አላለም። ሰውየውም ለነዳዩ አልሰጠም። ውኃው በነዳዩ እጅ በኩል አለፈ እንጂ የተመዘገበው በሦስተኛዋ ስም ነው። ሚዛኑ ላይ ጥላዋ መውደቁ ድንገተኛ ውለታ አይደለም፤ የራሷን ሒሳብ ነው የሰበሰበችው።

«ስለ»ን ከወንድሟ ከ«በ» ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። «በማርያም!» ስንል ወይ እንምላለን ወይ እናስገድዳለን። በድሮ ዘመን «በምኒልክ አምላክ!» የተባለ ሰው መንገዱን አቋርጦ መቆም ነበረበት፤ አልፎ ቢሄድ ንጉሡን እንደ ናቀ ይቆጠር ነበር። «በ» ሰውየውን ይይዘዋል። «ስለ» አይይዝም፤ እምቢ ማለት ይቻላል። በላዔ ሰብእም ሁለት ጊዜ እምቢ ብሏል፣ ምንም አልሆነም። መጽሐፉ ተአምር የሚቆጥረው ተገድዶ የተሰጠውን አይደለም፤ ለዚህ ነው በታላቁ ታሪክ ውስጥ «በ» ሳይሆን «በእንተ» የቆመችው።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የራሱ የመጽሐፉ ሌላ ታሪክ መንገዳችን ላይ ይቆማል። እመቤታችን መንገድ ስትሄድ በጥም የሚያለከልክ ውሻ ታገኛለች። ጫማዋን አውልቃ ውኃ ትሞላበትና ታጠጣዋለች። ሠዓሊዎች ይህችንም ይወዷታል፤ ማርያም ጎንበስ ብላ፣ ጫማው የወርቅ ሆኖ፣ ውሻው ምላሱን አውጥቶ። ውሻ «ስለ» ማለት አይችልም። የማንንም ስም አልጠራም፤ ያማለደውም የለም። በሁለቱም ታሪኮች የተሰጠው ያው ውኃ ነው፤ በአንዱ ቃሏ ሦስት ጊዜ ትደጋገማለች፣ በሌላው አንዴም አትሰማም። ሰው ስም ካልተጠራለት አይሰጥም፤ እሷ ግን ሳይጠራባት ትሰጣለች። ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የሚያነብ ሰው፣ በላዔ ሰብእን ብቻ ይዞ መጽሐፉን የሚነቅፈውም ሆነ የሚያመሰግነው ግማሹን እንዳነበበ ይገባዋል።

ብራናውን እንደገና እንየው። እያንዳንዱ ተአምር የሚጀምረው ጸሎቷና በረከቷ ከእገሌ ጋር እንዲሆን በመለመን ነው። «እገሌ» የሚለው ቦታ ላይ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም ይገባል። መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም በቢላ ይፍቅና የራሱን በላዩ ይጽፋል። የተፋቀው ቦታ በብርሃን ሲያዩት ብራናው ሳስቶ ይታያል፤ አንዳንድ ገጽ ሁለት ሦስት ጊዜ ተፍቆ ሊበሳ የደረሰ ነው። የማርያም ስም ቀይ ሆኖ ከነቦታው ይቆያል፤ የባለቤቱ ስም ይለዋወጣል። «ስለ ማን» የሚለው አይነካም፤ «ለማን» የሚለው ግን ይነገድበታል። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተዘረፉት የተአምረ ማርያም ቅጂዎች እንግሊዝ አገር ሲደርሱ ደግሞ ባለቤትነታቸው ሳይፋቅ ተለወጠ። ከእነዚህ አንዱን ሌዲ ሚዩክስ የተባለች ባለጸጋ ገዝታ በ1900 እ.ኤ.አ. በሊቁ በዎሊስ በጅ አዘጋጅነት አሳተመችው። ስትሞት ብራናዎቿ ወደ ዐፄ ምኒልክ እንዲመለሱ ተናዝዛ ነበር፤ ኑዛዜዋ ግን አልተፈጸመም።

ቃሏ ከብራና ወጥታ አደባባይ የምትውለው በየቆሎ ተማሪ አፍ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ በትከሻው አንጠልጥሎ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ ከየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም!» ይላል። ሙሉ ልመናው ይኼ ነው። ምን እንደሚፈልግ አልተናገረም፤ ቁራሽ፣ ቆሎ፣ ንፍሮ የሚል ቃል የለበትም። ግሡም የለም። «ስለ ማርያም ስም» ብሎ ዝም ይላል፤ የቀረውን ባለቤቲቱ ከጓዳ ትሞላዋለች። ልጁ የጠራው ቃል ብቻውን አይደለም የቆመው፤ በላዔ ሰብእን፣ ጥርኙን ውኃ፣ ሚዛኑን ሁሉ ተሸክሞ ነው የመጣው። መጽሐፉ በየእሑዱ ስለሚነበብ ታሪኩን ደጅ ላይ መተረክ አያስፈልግም። አንዲት መስተዋድድ የታሪኩን ክምችት በሙሉ ትጠቅሳለች።

የከተማ ነዳያን ይህን ሥራ በቀን መቁጠሪያ ያካሂዱታል። በ12 ስለ ሚካኤል፣ በ16 ስለ ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ስለ ገብርኤል፣ በ21 ስለ ማርያም፣ በ23 ስለ ጊዮርጊስ፣ በ27 ስለ መድኃኔ ዓለም፤ በ5 «ስለ አቦ!»። የቀኑን ስም የማያውቅ ነዳይ የለም። አንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ከየት እንደሚመጣ አይቶ ስሙን ይመርጣል፤ ነጭ ነጠላዋን ተከናንባ ከምትመጣው እናት ፊት «ስለ ልጆችሽ» ይላል። ቁልፍ ሞካሪው ነዳይ አልሞተም።

ቃሏ ግን በማርያም ስም ብቻ አትቆምም፤ አሁን ወደ ባሌ እንውጣ። ከሮቤ በስተምሥራቅ ያለችው ጎሮ የስንዴው ደጋ እያለቀ ቆላው የሚጀምርበት ወገን ላይ ናት፤ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚወርደውም፣ ከባሌ ደጋ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚሻገረውም ያውቃታል። በዚህ አገር ተአምረ ማርያም የአብዛኛው ሰው መጽሐፍ አይደለም። ይህ የእስላሙ ወሊይ የሼህ ኑር ሁሴን አገር ነው፤ በድሮ ስሙ አናጂና በሚባለው፣ ዛሬ ድሬ ሼህ ሁሴን በምንለው ቦታ ነጭ የተቀባው መቃብራቸው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በአረፋ ወራትና በረቢዕ አልአወል፣ ከባሌም ከአርሲም ከሐረርጌም ምእመናን ይጎርፉበታል። የእሳቸውም ተአምራት ተሰብስበው «ረቢዕ አልቁሉብ» በሚል የዐረብኛ መጽሐፍ በ1927 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ታትመዋል። ከመጽሐፉ በላይ ግን በቃል የሚዘመረው «ባህሮ» ነው የሚታወቀው።

በጉዞው ወራት በጎሮ መንገድ «ጋሪባ» የሚባሉት ተጓዦች ያልፋሉ። ምልክታቸው ጫፏ ሁለት የተሰነጠቀች ረጅም በትር ናት፤ «ኡሌ ሼህ ሁሴን» ይሏታል። ሲመለሱ ከመቃብሩ አካባቢ የሚወሰደውን «ጀዋራ» የሚባል ነጭ አፈር ይዘው ለዘመድ ያካፍላሉ። ወራቱን ሙሉ በእግር የሚሄድ ሰው ስንቅ አይበቃውም፤ በየመንደሩ ባህሮ እያለ በሼኹ ስም ይለምናል፣ ይሰጠዋል። የሚሰጠው ሁሉ እስላም አይደለም፤ በባሌ ክርስቲያኑም ለሼህ ሁሴን ስለት ሲሳል ኖሯል። ለንደን ላይ ያስተምር የነበረው የፖላንድ ተወላጅ የቋንቋ ሊቅ አንድርዜየቭስኪ በ1972 እ.ኤ.አ. ስለነዚህ ዝማሬዎች ሲጽፍ ያስተዋለው ነገር ከኛ ጉዳይ ጋር ይገጥማል፤ ዝማሬው ተአምሩን አይተርክም፣ በፍንጭ ነክቶት ያልፋል፤ አድማጩ ታሪኩን ስለሚያውቅ ፍንጩ ይበቃዋል። የቆሎ ተማሪውና ጋሪባው ሳይተዋወቁ አንድ ሙያ ላይ ናቸው።

ቋንቋው ላይ ስንመጣ ጎሮ ገበያ ውስጥ ቃላችን ቦታዋን ትለዋውጣለች። አማርኛው «ስለ አላህ ብለህ» ይላል፤ «ስለ» ከስሙ በፊት። ዐረብኛ የቀራው «ሊላህ» ይላል፤ አንዲት «ሊ» ከፊት ተለጥፋ። ኦሮምኛው ስሙን ያስቀድማል፤ «ረቢፍ ጄዲ»፤ የ«ስለ»ን ሥራ የምትሠራው ከኋላ የተለጠፈችው «ፍ» ናት። አማርኛው ስሙ ከመጠራቱ በፊት ያዘጋጅሃል፤ ኦሮምኛው መጀመሪያ ስሙን ይሰጥህና ምን እንደሚፈልግብህ በመጨረሻዋ ፊደል ይነግርሃል። 

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግን የመጨረሻው ቃል ነው። አማርኛው «ብለህ»፣ ኦሮምኛው «ጄዲ»፤ ሁለቱም የ«ማለት» ግሦች ናቸው። ለማኙ ስሙን የጠራው ለራሱ አይደለም፤ ሰጪው በልቡ ወይም በአፉ እንዲለው ነው የሚያቀብለው። «ስለ ሼህ ሁሴን ብለህ» ማለት «ስለ ሼህ ሁሴን» የሚለውን ቃል አንተ ተናገረው ማለት ነው። ገንዘቡ ከሰጪ ወደ ለማኝ ሲሄድ ስሙ ከለማኝ ወደ ሰጪ ይሄዳል። በላዔ ሰብእም ነዳዩ ያቀበለውን ስም አንሥቶ ከልጅነቱ ትዝታ ጋር አገናኝቶ ነው እጁ የተዘረጋው።

እምቢታውም የራሱ ሥርዓት አለው። በስም የተለመነ ሰው «የለኝም» ብሎ ብቻ አያልፍም፤ «እግዜር ይስጥህ» ይላል፣ በእስላሙ በኩል «አላህ ይስጥህ»። ያገኘው ደግሞ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ያመሰግናል። በምስጋናውና በእምቢታው መካከል ያለው ልዩነት አንዲት «ልኝ» ናት። ሰጠህም ከለከልህም ሦስተኛው ወገን ሳይጠራ ጉዳዩ አይዘጋም። ዝም ብሎ ፊቱን አዙሮ የሚሄድ ሰው በጎሮም በጎንደርም የሚታማው ስላልሰጠ አይደለም፣ ስላልመለሰ ነው።

ዛሬ ቃሏ ድምፅ ማጉያ ላይ ወጥታለች። ሥዕል የተሰቀለባት መኪና አደባባይ ዳር ቆማ፣ ዣንጥላ ተዘርግቶ፣ ስለሚሠራው ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ሙሉ ይለፈፋል፤ ለመስጊድና ለመድረሳም እንዲሁ። ከጎኗ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የቴሌብር ቁጥር ተጽፏል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተለውጧል፤ «ስለ» የምትለምነው ለቁራሽ ሳይሆን ለሲሚንቶ ነው፣ ሰጪውና ለማኙም ፊት ለፊት አይተያዩም። በላዔ ሰብእ ነዳዩን ማየት ነበረበት፤ ቁስሉንም፣ የተዘረጋውንም እጅ። በስልክ የሚልክ ሰው የሚያየው ቁጥር ነው። ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ግን የባንኩ መተግበሪያ «ምክንያት» የሚል ባዶ ሳጥን ያቀርብለታል፤ በግእዝ ብንጽፈው «በእንተ ምንት» በሆነ ነበር። አብዛኛው ሰው አንዲት ፊደል ነክቶ ያልፈዋል። ስለት ያለባቸው ግን እዚያች ሳጥን ውስጥ የሚጽፉትን ያውቃሉ፤ የታቦቱን ወይም የሼኹን ስም ሙሉውን ጽፈው፣ ፊደሉ እንዳይሳሳት አንዴ ካነበቡት በኋላ «ላክ» የሚለውን ይጫናሉ።